የአክስቴ ወፍጮ ቤት መዝገብ፦ የራስን ፕሮግራም ጀምሮ ለማሻሻል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ላፕቶፔ ውስጥ ተጀምረው የቀሩ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች አሉ። የአየር ጠባይ ማሳያ፣ ሦስት ዓይነት የሥራ ማስታወሻ፣ ያላለቀ የዳማ ጨዋታ፣ ሌላም ሌላም። ከእኔ በቀር አንዳቸውንም የከፈተ ሰው የለም። አሥራ ሁለተኛው ግን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ያለው የአክስቴ ወፍጮ ቤት የዱቤ መዝገብ ነው።

ኮድ መጻፍ የተማርኩት ከአሥራ አንዱ ነው። ፕሮግራም መሥራት የተማርኩት ግን ከዚህ ከአንዱ ነው። ልዩነቱ የመጣው አንድ ሥራን ይዤ ደጋግሜ ስላሻሻልኩት፣ ማዶ ደግሞ በየቀኑ የምትጠቀምበት ሰው ስለነበረች ነው። ያለፍኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ኮዱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ደብተሩን አንብቡ

አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ አንድ ሳምንት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ታኅሣሥ ነበር። አዝመራው ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ፊት ይልጣል። የባሶና ወራና ገበሬዎች ገብስና ስንዴያቸውን በአህያ ጭነው ይመጣሉ። የከተማው ሰው ጤፉን በባጃጅ ያመጣል። አክስቴ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ትመዝናለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ዱቤ የሚጠይቀውን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

ወደዚያ ስሄድ የምሠራውን ሁሉ በጭንቅላቴ ጨርሼ ነበር። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መግቢያ፣ የቀን ገቢ የሚያሳይ ግራፍ፣ የእህል ዓይነት በቀለም የሚለይ ገጽ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቴ ላይ የነበረው ግን ሌላ ነው። አክስቴ ያንን ደብተር ወደ ኋላ የምትገልጠው ከሞላ ጎደል ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ይሄ ሰው ስንት አለበት?» ግራፍ አልፈለገችም። የቀን ገቢዋን ማታ ብሩን ቆጥራ ታውቀዋለች።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሰውየው መዝገቡን በገለጠ ቁጥር ምን ፈልጎ እንደገለጠ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የተደገመው ጥያቄ የመጀመሪያው ሥራችሁ ነው። ሌላው ይጠብቅ።

ወፍጮ ቤት ያለው ዘመድ የግድ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ሽንኩርት የሚያስጭን ነጋዴ አታጡም። መሐል ሜዳ ያላችሁ በግ የሚነግድ ጎረቤት ይኖራችኋል። የትም ብትሆኑ እድር አለ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው በየሳምንቱ በአካል የምታገኙት፣ ሲያናድደው ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ይሁን።

2. ትንሹን ሥሩ፣ ቶሎ አስረክቡ

የመጀመሪያው ስሪት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። መልክ አልነበረውም፤ ጥቁር መስኮት ላይ ሦስት ምርጫ ብቻ። አዲስ ዱቤ መመዝገብ፣ ክፍያ መመዝገብ፣ ዕዳ ማየት።

የሠራሁት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። መረጃው የሚቀመጠው በኤስኪውላይት ነው። ኤስኪውላይት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሲሆን ሰርቨር አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። መረጃው በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። ፓይተን ደግሞ ከራሱ ጋር ይዞት ስለሚመጣ ለብቻው የምትጭኑት ነገር የለም። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቦታ ከዚህ የሚሻል መነሻ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ከመጀመሪያው አስተካክሉ፤ በኋላ መቀየር ያደክማል። ብርን በሳንቲም፣ ኪሎን በግራም አስቀምጡ። 12 ኪሎ ተኩል 12500 ግራም ይሁን፤ 50 ብር 5000 ሳንቲም ይሁን። ምክንያቱ ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥሮችን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስለሆነ ነው። ፓይተንን 0.1 ሲደመር 0.2 ስንት ነው ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደል። ሒሳብ ስታስተያዩ ግን እኩል መሆን የሚገባቸው ሁለት ድምሮች እኩል አይደሉም ሊላችሁ ይችላል፣ ምክንያቱን ስትፈልጉ ያመሻችሁታል።

3. ጊትን ከመጀመሪያው ቀን

ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው የኮድ ታሪክ መያዣ ነው። ብዙ ጀማሪ «ፕሮግራሙ ሲያድግ እጀምረዋለሁ» ይላል። እንዳትሉ። ባዶ ፎልደር ላይ ጀምሩት።

ጊት ላይ የምትመዘግቡት እያንዳንዱ ለውጥ ኮሚት ይባላል፤ አጭር መልእክትም አብሮት ይጻፋል። የኮሚት መልእክታችሁን በአማርኛ ጻፉ። ይሠራል፣ ችግር የለውም። ስትጽፉ ግን ምን እንደቀየራችሁ ሳይሆን ለምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ምን እንደተቀየረ ጊት ራሱ ያሳያችኋል። «የፍለጋ ኮድ ተስተካከለ» ከምትሉ «ኃይሉ ተብሎ ሲፈለግ ሀይሉ ስለማይወጣ» በሉ። ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው ሰው እናንተ ናችሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ረስታችሁታል።

አንድ ከባድ ስህተት ልናዘዝ። የደንበኞቹ ስምና ዕዳ ያለበትን የዳታቤዝ ፋይል ከኮዱ ጋር አብሬ ጂትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ጭኜው ነበር። ሳውቅ ደነገጥኩና በሚቀጥለው ኮሚት አጠፋሁት። ጠፋ ብዬ አረፍኩ። አልጠፋም። ጊት የተሠራው ታሪክ እንዳይጠፋ ነውና ፋይሉ የድሮው ኮሚት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማከማቻው ለእኔ ብቻ የተከፈተ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ሰርዤ እንደገና ጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ሥራ የመጀመሪያው ኮሚት ጊት ችላ ሊላቸው የሚገቡ ፋይሎች ዝርዝር ነው፤ ዳታቤዙ፣ የይለፍ ቃሎች፣ መጠባበቂያ ቅጂዎች። የሰው ዕዳ የሰው ገመና ነው። አምነው የሰጡንን መጠበቅ አለብን።

4. የአማርኛ ስም ፍለጋ

በዚህ ሥራ ከምወደው ክፍል ደረስን። በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ደወለችልኝ። «ኃይሉን አጣሁት» አለች። መዝገቡ ውስጥ ነበር። የተጻፈው ግን በሀይሉ ነው። እሷ የፈለገችው በኃይሉ ነው። ለእኛ አንድ ስም፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ባዕድ ሰዎች።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ቦታ መያዝ ነው። አንዱ ሰውየው ስሙን እንደሚጽፈው ነው፤ እሱን ፈጽሞ አትንኩ። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ሆሄያት ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ነው። ስትፈልጉም የተፈለገውን ስም በዚያው መንገድ ጠቅልላችሁ ከሁለተኛው ጋር ታነጻጽራላችሁ።

ጥቅለላውን ቀላል የሚያደርግ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ በሥርዓት ነው የተደረደረው። የእያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉ ሰባት ሆሄያት ተከታታይ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ለመሄድ አንድ ቋሚ ቁጥር መደመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ከሐ ወደ ሀ ለመሄድ 16 ቀንሱ። ከኀ ወደ ሀ 128 ቀንሱ። ከሠ ወደ ሰ 16 ደምሩ። ከዐ ወደ አ 48 ቀንሱ። ከፀ ወደ ጸ 8 ቀንሱ። ይህን በሰባቱም ሆሄያት ላይ ብቻ አድርጉት፤ እንደ ሗ ያሉት ዲቃላዎች ለብቻቸው ይታዩ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ በድምፅ አንድ ናቸውና። እንዲህ ሲሆን ኃይሉም ሐይሉም ሀይሉ ይሆናሉ። ፀሐይ ጸሀይ ትሆናለች። ዓለሙ አለሙ ይሆናል።

አልጨረሳችሁም። ኃይለማርያም ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል፤ ስለዚህ ለፍለጋ የሚሆነው ቅጂ ላይ ክፍተቱን አውጡ። ገ/ሥላሴ ብሎ የሚያሳጥር አለ፣ ገብረ ሥላሴ ብሎ የሚዘረዝር አለ። ለእነዚህ ትንሽ የአኅጽሮት ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ ወ/፣ ገ/፣ ኃ/ የሚሉትን ወደ ሙሉ ቃላቸው የሚመልስ። ይህን ሥራ ከክፍተቱና ከጥቅለላው በፊት አድርጉት፣ አለዚያ ይበላሻል።

ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችስ? እኔ የአያት ስም ልጠይቅ ነበር። አክስቴ ሳቀችብኝ። «ማን የአያቱን ስም ነግሮኝ ያስፈጫል? የጠባሴው አበበና ባለጋሪው አበበ በል።» ደብተሯ ላይም እንዲሁ ነበር የተጻፈው። «መለያ» የሚል አንድ ክፍት ቦታ ጨመርኩ፣ የፈለገችውን ትጽፍበታለች። ከእኔ ሐሳብ የእሷ ተሻለ።

5. ጳጉሜን አትርሱ

የወፍጮ ቤት ዱቤ «ለመስከረም»፣ «ለጥምቀት» ተብሎ ነው የሚሰጠው። ፓይተን የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ ላይ ቀኑን «5/4/2015» እያልኩ እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀመጥኩ። ከዚያ «ዕዳው ሠላሳ ቀን ያለፈው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። ጽሑፍ አይቀነስም።

ቀንን እንደ ተራ ቁጥር አስቀምጡ። ፓይተን ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ተራ ቁጥር አለው፣ ቱኦርዲናል በሚባለው ትእዛዝ ይሰጣችኋል። ከእኛ አቆጣጠር ወደዚያ ቁጥር ለመድረስ አምስት ነገር ደምሩ፦ 2796፤ ከዓመተ ምሕረቱ አንድ ቀንሳችሁ በ365 ስታባዙት የሚመጣውን፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን በመተው የሚገኘውን፤ ከወሩ አንድ ቀንሳችሁ በ30 ስታባዙት የሚመጣውን፤ ከቀኑ አንድ ሲቀነስ የሚቀረውን። አለቀ። ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር አድርጋችሁ ስትሰጡት ያለ ልዩ ሕግ ይገጥማል፤ የወራቱ እኩል ሠላሳ ቀን መሆን እዚህ ጋ ይጠቅመናል።

ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው። 2015 እንደዚያ ነበር። ተጠቃሚው በሌላ ዓመት ጳጉሜ 6 ብሎ ቢያስገባ ፕሮግራሙ «የለም» ማለት አለበት። አለዚያ ዝም ብሎ መስከረም 1 ያደርገዋል።

አሁን ፈትሹት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ መውደቅ አለበት፣ ቁጥሩም 738775 ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፣ ቁጥሩ 739140። እነዚህን ሁለቱን በፈተና ኮድ ውስጥ (ዋናው ኮድ ልክ መሆኑን የሚያጣራ ሌላ ኮድ ነው) ጻፏቸውና ኮዱን በነካችሁ ቁጥር አስሮጧቸው። ይህን ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ብትሰጡትም ፈተናው ይኑር። ሲያዩት ልክ የሚመስል፣ ጳጉሜ ላይ ሲደርስ አንድ ቀን የሚስት ኮድ ሰጥቶኝ ያውቃል።

6. ሲሳሳት ምን ታደርጋላችሁ

በአራተኛው ወር አንድ አዛውንት ገበሬ ሊያስፈጩ መጡ። ስክሪኑ 180 ብር አለባቸው ይላል። «ከፍያለሁ» አሉ። ሰልፍ ላይ ሰው አለ፣ ሁሉም ይሰማል። አክስቴ አሮጌውን ደብተር ገለጠች። እውነትም ከፍለዋል። «ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ የማሽኑ ስህተት ነው» አለች። ማታ ለእኔ ያለችኝ ግን ይህ ነው፦ «ልጄ፣ ሰው ከደጄ በሐሰት ባለዕዳ ተብሎ ከሚወጣ ወፍጮው ይቁም።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምከተለው ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ።

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ስህተቱን በፈቃዳችሁ አምጡት። እኔ እያንዳንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ነበር የምጽፈው፤ አንዴ ክፍያዎች ሠንጠረዥ ላይ፣ አንዴ ደግሞ በደንበኛው ስም ፊት ያለውን «ቀሪ» በመቀነስ። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል። መብራት በሁለቱ መካከል ቢጠፋስ? በሁለቱ መስመሮች መካከል ፕሮግራሙን ሆን ብዬ አቆምኩት። ክፍያው ተመዝግቧል፣ ቀሪው አልተቀነሰም። ያው ስህተት እጄ ላይ መጣ።

ከዚያ ስህተቱን የሚይዝ ፈተና ጻፉ። ፈተናው መጀመሪያ መውደቅ አለበት። ሲወድቅ ካላያችሁት የሚፈትነው ያንን ስህተት ይሁን ሌላ ነገር አታውቁም።

አሁን አስተካክሉ። እኔ «ቀሪ» የሚለውን ቦታ ጨርሶ አወጣሁት። ዕዳ አሁን የትም አይጻፍም፤ በተጠየቀ ቁጥር የዱቤው ድምር ላይ የክፍያው ድምር ተቀንሶ ይሰላል። ከሌላ ቁጥር ተሰልቶ ሊገኝ የሚችልን ነገር ለብቻው አታስቀምጡ። ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር አንድ ቀን ይጣላል። የግድ አብረው መጻፍ ያለባቸው ነገሮች ካሉ ደግሞ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አስሯቸው። ኤስኪውላይት ወይ ሁሉንም ይጽፋል ወይ አንዱንም አይጽፍም፣ መብራት መሐል ላይ ቢሄድ እንኳ።

በመጨረሻ ወደ ሰውየው ተመለሱ። ቅዳሜ ጠብቄ አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «እግዜር ያሳድግህ» አሉኝ። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም፤ ግን የሥራው ክፍል ነው።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ባጭሩ። ማታ ማታ በፍላሽ ያዙ። ፋይሉን እየተጻፈበት እያለ አትቅዱት፤ የፓይተን የኤስኪውላይት ክፍል ባክአፕ የሚባል የራሱ ትእዛዝ አለው፣ እሱን ተጠቀሙ። በወር አንዴ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ዕዳዎቹን ተመልከቱ።

7. ማሻሻል ማለት ማየት ነው

ከጎኗ ተቀመጡና ዝም በሉ። በጣም ከባድ ነው። «እዚያ ጋ ንኪው» ለማለት አፍ ይበላል። ግን የተናገራችሁ ዕለት የምታዩት የራሳችሁን ሐሳብ ነው።

ዝም ብዬ ያየሁት ይህን ነው። የአክስቴ እጅ ሁልጊዜ ዱቄት አለው። በአማርኛ ኪቦርድ ስም መጻፍ ያዘገያታል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ስለዚህ ለቋሚ ደንበኞች ቁጥር ሰጠን። እህሉም ቁጥር አለው፤ 1 ጤፍ፣ 2 ስንዴ፣ 3 ገብስ፣ 4 ሽሮ። አንድ ዱቤ አሁን የሚመዘገበው በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች ብቻ ነው፣ በአንድ እጅ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ አክስቴ ያመሰገነችኝ ለዚህ ነው። ኮዱ ከአርባ መስመር አይበልጥም።

ቅሬታዎችን የምጽፍበት ትንሽ ደብተር አለኝ። አንድ ጊዜ የተባለውን እጽፋለሁ። ሦስት ጊዜ የተባለውን እሠራለሁ። በሳምንት አንድ ለውጥ ብቻ፣ እሱም እሑድ ማታ። ከአንድ በላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም።

እጅ የለመደውንም አትንኩ። አንድ ጊዜ የእህሎቹን ቅደም ተከተል «ለማሳመር» ገብስን ወደ 1 አመጣሁት። አክስቴ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጤፍ መስሏት ገብስ መዘገበች። ማታ አብረን ተቀምጠን አንድ በአንድ አረምነው።

ከሁሉ የሚያታልለው «ይህን ኮድ ጥዬ እንደ አዲስ በደንብ ልጻፈው» የሚለው ሐሳብ ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ተሸነፍኩለት። ሁለት ወር ጻፍኩ። አሮጌው ኮድ ውስጥ የነበረችው እያንዳንዷ አስቀያሚ መስመር ግን ምክንያት ነበራት፤ አንዷ ለጳጉሜ፣ አንዷ ለባለጋሪው አበበ፣ አንዷ ለመብራት። ሁሉንም እንደገና እያገኘኋቸው ስሄድ ቆምኩ። ወደ አሮጌው ተመልሼ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ብቻ ማጽዳት ጀመርኩ። ፈተናዎቹ ካለፉ ይቀጥላል፣ ካላለፉ ጊት ወደ ቀድሞው ይመልሰኛል። አዲስ ነገር መሞከር ሲያምራችሁ ለብቻው ትንሽ ፎልደር ከፍታችሁ ሞክሩ፤ ሰው የሚጠቀምበትን ግን አታፍርሱ።

8. ደብተሩን አትጣሉ

ፕሮግራሙ ከተጀመረ ጀምሮ አክስቴ አሮጌውን ደብተርም ትይዛለች። በመጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፣ ያላመነችኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔው ራሴ እንዳትተወው እለምናታለሁ። ቅዳሜ ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱን እናስተያያለን። ከገጠመ ቡና ይፈላል። ካልገጠመም ይፈላል፣ ግን ላፕቶፑ ክፍት ነው።

ያለፈው ቅዳሜ የ60 ብር ልዩነት መጣ። ደብተሩ ልክ ነበር። አንዲት ደንበኛ ዕዳዋን የከፈለችው ከፊሉን በብር፣ ከፊሉን በሁለት ኪሎ ባቄላ ነው። አክስቴ ደብተሩ ላይ «ባቄላ 2 ኪሎ፣ ተቀብያለሁ» ብላ ጽፋለች። የእኔ ክፍያዎች ሠንጠረዥ ከብር ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። «ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል እንዴ እትዬ?» አልኳት። «ክረምት ይምጣና ታያለህ» አለች። ትንሿ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ እስኪባል አልጠበቅሁም፤ ለእሑድ ማታ ይዤዋለሁ።